ሸክሙ የቀለለለት ይመራል

ጅሬን ኮረብታ ላይ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት የጎበኘ ሰው ስለ ንጉሡ ብዙ ሰምቶ ይወርዳል። ገና ጎረምሳ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1878 ነግሠው ከሃምሳ ዓመት በላይ መግዛታቸውን፣ ነጋዴን እንዴት ያቀርቡ እንደነበር፣ የቁመታቸውን ነገር። ስለ እናታቸው ስለ ጌኔ ጉሚቲ የሚሰማው ግን ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ቢሆን ነው። ጅማ ላይ ሲነገር እንደኖረው፣ ምኒልክን ጦር ገጥሞ ሕዝብ ከማስፈጀት ግብር ከፍሎ አገርን ማትረፍ ይሻላል ብለው ልጃቸውን የመከሩት እኚህ ሴት ናቸው። ምክሩ ተሰማ። ጎረቤታችን ከፋ ተዋግቶ እ.ኤ.አ. በ1897 ሲወድቅ፣ ጅማ ግብሯን እየከፈለች የውስጥ አስተዳደሯን እስከ 1932 ይዛ ቆየች።

ሴት አገር መምራት ትችላለች ወይ የሚለው ጥያቄ እንግዲህ ቢያንስ በዚህ ከተማ መነሣት ያልነበረበት ጥያቄ ነው። ይነሣል ግን። ሲነሣም ብዙዎቻችን የጌኔ ጉሚቲን፣ የእቴጌ ጣይቱን ስም ጠርተን መልስ የሰጠን ይመስለናል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ከኮረብታው በታች ያለው ነው። በዚያው ዘመን ሂርማታ ገበያ ላይ ቡናና ማር ብቻ አልነበረም የሚሸጠው። ጅማ በአካባቢው ካሉት ታላላቅ የባሪያ ንግድ ማዕከሎች አንዷ ነበረች፤ ከደቡብና ከምዕራብ የተፈነገሉ ልጆች በሂርማታ በኩል ያልፉ ነበር። ብዙዎቹ ሴቶች ልጆች ናቸው። ጌኔ ጉሚቲም ሴት ናቸው፤ ሂርማታ ላይ ዋጋ የወጣላት ልጅም ሴት ናት። የአንደኛዋ ምክር የመንግሥት ምክር ሆነ፤ የሁለተኛዋን ስም እንኳ የያዘ የለም።

ስለ መሪነት፣ ስለ ጾታ፣ ስለ ዘርና ስለ ኑሮ ደረጃ ባሰብኩ ቁጥር የምደርስበት አንድ ነገር ነው። የተገፉ ሰዎች መሪ ሲወጣላቸው፣ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከመካከላቸው ሸክሙ የቀለለለት ነው። ከሴቶች ትልቅ አባት ያላት፣ ከድሆች ወንዱ፣ ከተናቁት ዘሮች የተማረውና ሱቅ ያለው። ሦስቱንም በአንድ ጀርባ የተሸከመችው ሥራውን ትሠራለች፤ ወንበሩ ላይ ግን አትቀመጥም። እሷ ከሌለች ደግሞ ስለ እሷ የሚወሰነው ውሳኔ ትክክል ሊሆን አይችልም። ይህን የምለው ለክርክር አይደለም፤ በቤቴም በሰፈሬም ያየሁት ነው።

አስቀድሜ ግን የታሪኩን ነገር ልጨርስ። የተማረከ ወንድ ልጅ መንገድ ነበረው። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በጦርነት ተማርከው የመጡ ሰው ናቸው። በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ሆኑ፤ ኋላም ንጉሥ ለማውረድና ንግሥት ለማንገሥ ያለ እሳቸው ቃል የማይሆንበት ዘመን መጣ። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎም በልጅነታቸው ከጦር ሜዳ የተገኙ ናቸው፤ በዐድዋ መድፍ ስማቸው ገነነ፤ ሲዳሞን ገዙ። የነዚህን ሰዎች ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር አከብራቸዋለሁ፤ ከምንም ተነሥተው ነው። ግን አብራ የተማረከችው እኅት የት ሄደች? ወፍጮ ላይ ነዋ፣ ጓዳ ውስጥ፣ ከዚያም የማታ የማታ የጌታዋ መኝታ ላይ። ከምርኮ ወደ ሹመት የሚያደርሰው መንገድ በጦር ሜዳ ጀግንነት የሚያልፍ ነበር፤ እሷ ደግሞ ጋሻ አይሰጣትም። ምርኮኛነታቸው እኩል፣ ድህነታቸው እኩል፣ መጨረሻቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ተራራቀ።

ከእነዚያ ልጆች መካከል ስሟ የተረፈልን አንዲት የእኛ አገር ሴት አለች። አስቴር ጋኖ ትባላለች። ነፃ ሆና የተወለደች ናት፤ ዛሬ በጅማ ዞን ውስጥ ባለው የሊሙ ንጉሥ ባሪያ አደረጋት። እ.ኤ.አ. በ1886 ለሽያጭ ወደ ዐረብ አገር ሊያሻግራት የነበረውን ጀልባ የጣሊያን መርከብ ያዘውና ነፃ ወጣች። ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። ቋንቋዋን ጠንቅቃ ታውቅ ነበርና ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ሲመልስ ቃላቱን ሰብስባ ያዘጋጀችለት፣ ትርጉሙን ያቃናችለት እሷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1894 የወጣው የኦሮምኛ ማንበቢያ የሁለቱ ሥራ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱሱ በ1899 ታተመ። ኦነሲሞስም ራሱ ተሽጦ ነፃ የወጣ ሰው ነው፤ ክብሩ ሁሉ ይገባዋል። ሆኖም ሁለቱም ተሸጠው ነበር፤ ሁለቱም ምንም አልነበራቸውም። የቀረው ልዩነት ጾታ ብቻ ነው፤ የእሱ ስም በየመንገዱ ሲጠራ የእሷ ከኋላ የሚቀረው በዚያ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። ሊሙ ላይ ቡና ልትገዙ የምትሄዱ ካላችሁ፣ የዚያች ልጅ አገር መሆኑን አስቡ።

ከላይ ያሉትም ቢሆኑ ሁሉ ነገር አልተመቻቸላቸውም። ንግሥት ዘውዲቱ የምኒልክ ልጅ ናቸው፤ ከዚህ በላይ ምን ዘር ይመጣል? ቢሆንም በ1909 ዓ.ም. ሲነግሡ ከባላቸው ከራስ ጉግሣ ወሌ እንዲለዩ ተደረገ። ዙፋን ከፈለግህ ሚስትህን ተው የተባለ ወንድ ንጉሥ እኔ አላውቅም። ራስ ጉግሣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ ሲገደሉ፣ ንግሥቲቱ በሁለተኛው ቀን ዐረፉ። ሴትነት በዘውድ ሥር ያለችውንም ያገኛታል። ሆኖም ዘውዲቱ ዙፋን ላይ ነበሩ፤ አብዛኛዋ ሴት ከበራፉም አልደረሰች።

የምርጫው ዘመን ሲመጣስ? የተሻሻለው ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1955 ወጣ፤ ሴትም ወንድም እኩል ይመርጣል ተባለ። በ1957 በተደረገው የመጀመሪያው ምርጫ ስንዱ ገብሩ ፓርላማ ገቡ፤ የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዝዳንትም ሆኑ። ድንቅ ሴት ናቸው፤ በወረራው ጊዜ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ነበሩ፤ ተማርከው ጣሊያን አገር አሲናራ ደሴት ታስረዋል፤ ከድል በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መርተዋል። ድፍረታቸው የራሳቸው ነው። በዚያ ዘመን ስዊዘርላንድ ሄዶ ለመማር ግን የከንቲባ ገብሩ ልጅ መሆን ያስፈልግ ነበር። ሕጉ ደግሞ ተመራጭ የሚሆነው ሰው በምርጫ ክልሉ ንብረት ያለው ይሁን ይላል። ጪሰኛው መምረጥ ይችላል፤ መመረጥ አይችልም። የጪሰኛው ሚስትማ መሬቱም የሰው፣ ጎጆውም የባሏ ነው።

አሁን ወደ እድራችን ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጀምር ያደረገኝ እሱ ነውና።

ጠቅላላ ጉባኤው አዲስ ዳኛ ሊመርጥ ተሰበሰበ። ለረጅም ዘመን ገንዘብ ያዥ ሆነው አንዲት ሳንቲም ያላጎደሉ፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ልጆቻቸውን በጉልት ንግድ ያሳደጉ እናት ተጠቆሙ። ልቤ ዘለለ። አንድ የምናከብራቸው ሽማግሌ ተነሡና፣ «እትዬ ቅን ሰው ናቸው፤ ማንም የሚክደው አይደለም። ነገር ግን ሰው ሌሊት ሲሞት ማን ይወጣል? ድንኳኑን ማን ያስተክላል? ሆስፒታል ሄዶ አስከሬን ማን ያወጣል? ለሴት ይከብዳል፤ በገንዘብ ያዥነታቸው ይቀጥሉ» አሉ። ብዙ ራስ ተነቀነቀ። ሴቶችም ነቀነቁ። ከዚያ አንድ የቡና አቅራቢ ተጠቆሙና በሰፊ ድምፅ አለፉ።

ሽማግሌው ያነሡት ነገር በክፋት የተነገረ አይደለም። ስለዚህ እንደ ቁም ነገር እንመርምረው። በእኛ ሰፈር ጥሩምባ ሲነፋ ሌሊት የሚወጣው ማነው? መጀመሪያ ሴቶች ናቸው። ብረት ድስቱን ከእድሩ ዕቃ ቤት ያወጣሉ፣ ውኃ ይቀዳሉ፣ ሽንኩርት ይላጣሉ፣ ለቅሶ ቤቱ ሳይነጋ ቡና ያፈላሉ። ሌላው የሚወጣው ጥሩምባውን የሚነፋው፣ ድንኳኑንም የሚተክለው ሰውዬ ነው። ከዳውሮ ወጣት ሳለ ለቡና ለቀማ መጥቶ እዚሁ የቀረ ነው፤ በሰው ግቢ አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፤ ቀን እዚሁ በጅማ መርካቶ ጆንያ ይሸከማል። የሞተ ሰው ቤት ደርሶ ዘመድ የሚያጽናና፣ መቃብር ቆፋሪ የሚያስተባብር፣ ከእስላሙም ከክርስቲያኑም ቀብር የማይቀር እሱ ነው። መስፈርቱ ሌሊት መውጣት ቢሆን ኖሮ ዳኛ መሆን የነበረበት እሱ ነበር። ስሙን ያነሣ አልነበረም። እሱም ራሱ ከድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ወንበር ላይ አልተቀመጠም።

የተመረጡት ሰው ክፉ አይደሉም። ሲቸግረን መኪናቸውን ይሰጣሉ፤ ለድንኳን መግዣ ከሁላችንም በላይ አዋጥተዋል። ሌሊት ግን አይወጡም፤ ሾፌራቸውን ይልካሉ። ታዲያ ለምን ተመረጡ? ቆይቼ አንዲት ጎረቤቴን ጠየቅኋት። የነገረችኝን ከመጽሐፍ ያነበብኩት ብዙ ነገር አላስተማረኝም። «የእድሩ ገንዘብ ቢጎድል ከሳቸው ቤት አይታጣም። ከሌላው ምን እንወስዳለን?» አለችኝ። ልክ ናት። ድሃ ሀብታምን የሚመርጠው ስለሚያፈቅረው ወይም ስላልነቃ አይደለም፤ ለራሱ ዋስትና እየገዛ ነው። ዋስትና የሚሆን ነገር የሌለው ሰው ደግሞ የፈለገውን ያህል ታማኝ ቢሆን ዕድሜ ልኩን ተመሪ ነው። በወረዳም፣ በከተማም፣ ከዚያ በላይም የማየው ይኸው ነው።

በዚያ ጉባኤ ያልነበረች አንዲት ልጅ አለች። ከእድሩ አባላት በአንዱ ቤት በሠራተኝነት ትኖራለች። ለቅሶ ሲኖር የሚላጠው ሽንኩርት ግማሹ በእሷ እጅ ነው የሚላጠው። አባል ግን አይደለችም፤ መተዳደሪያ ደንባችን አባወራና እማወራን፣ ልጅን፣ ወላጅን ይቆጥራል፤ ሠራተኛን አይቆጥርም። እሷ ብትሞት ጥሩምባው አይነፋም ማለት ነው። ይህን ሳስብ እንቅልፍ ያጣሁበት ሌሊት አለ።

የዘርን ነገር ማንሣት ጅማ ላይ ቀላል አይደለም፤ ግን ካላነሣሁት ያልኩት ሁሉ ጎዶሎ ነው። ባርነት በ1916 ዓ.ም. አዋጅ ቀስ በቀስ እንዲቀር ተደነገገ፤ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ፈጽሞ ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ የልጅ ልጅ ተወልዷል። ሽማግሌ ተልኮ ልጅ ሲጠየቅ ግን አሁንም ጓዳ ውስጥ በሹክሹክታ «አጥንቱ እንዴት ነው?» ይባላል። ቆዳዋ ጠቆር፣ ፀጉሯ ከርደድ ያለች ልጅ ትምህርት ቤት የሚወጣላትን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለ ዳውሮ፣ ስለ የም፣ ስለ ማንጆ ልጆች የሚነገረውንም እናውቀዋለን። የሚገርመው፣ ይህን የሚናገረው ያው ሰው ስለ አሜሪካ ጥቁሮች በደል ከልቡ ያዝናል፤ በዐድዋ ለጥቁር ሕዝብ ሁሉ ኩራት ሆነናል ብሎ ደረቱን ይነፋል።

ይህ ከፖለቲካ ጋር ምን አገናኘው? የምርጫ ሕጋችን የማንንም አጥንት አይጠይቅም። ጋብቻ ግን ይጠይቃል። የእኛ አገር ሰው መሪ የሚሆነው ደግሞ በጋብቻ በተዘረጋ ሰው ነው። አማች፣ ክፉ ቀን ቢመጣበት ቆሞ የሚከራከርለት፣ ሲታሰር ዋስ የሚሆነው፣ ሲጠቆም እጅ የሚያወጣለት ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ነው። አጥንትህ ተጠርጥሮ ልጅ የተከለከልክ ሰው፣ ከሃያ ዓመት በኋላ በስብሰባ ላይ የሚደግፍህ ድምፅም አብሮ ተከልክለሃል። ሕግ ያላገደውን ሰው ዝምድና አግዶት ያድራል። ለዚህ ነው በወረቀት እኩል በሆንን ማግሥት ወንበሮቹ ላይ ያው ቤተሰቦች ተቀምጠው የምናገኛቸው።

ይህን ሁሉ ሳወጣ ሳወርድ ከጅማ እጅግ የራቀች አንዲት ሴት ትመጣብኛለች፤ ፋኒ ሉ ሄመር። እ.ኤ.አ. በ1917 ሚሲሲፒ ውስጥ ለድሃ ጥቁር ቤተሰብ ሃያኛ ልጅ ሆና ተወለደች። በስድስት ዓመቷ ጥጥ መልቀም ጀመረች። ስታድግ ከባሏ ጋር በአንድ ነጭ ባለ እርሻ መሬት ላይ እንደ ጪሰኛ ኖረች። በነሐሴ 1962 (እ.ኤ.አ.) ከሌሎች ጋር በአውቶቡስ ሄዳ ለመራጭነት ልትመዘገብ ጠየቀች። በዚያ ጊዜ ጥቁር ሰው ለመመዝገብ ሲመጣ የግዛቱን ሕገ መንግሥት አንቀጽ አንብብና አብራራ እየተባለ ይጣል ነበር፤ እሷም ተጣለች። ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትመለስ ባለ መሬቱ ምዝገባውን ተዪ ወይም ልቀቂ አላት። አሥራ ስምንት ዓመት ከሠራችበት ቦታ በዚያው ሌሊት ወጣች።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ያገዳት የቆዳዋ ቀለም ነው፤ እውነት ነው። ያባረራት ግን ቤቷ የሰው ስለነበረ ነው። የራሷ ቤት፣ የራሷ መሬት ያላት ጥቁር ሴት ብትሆን ኖሮ ያ ሰው በአንድ ቃል መንገድ ላይ ሊጥላት አይችልም ነበር። የማደሪያሽን ቁልፍ የያዘው ሰው የድምፅሽንም ቁልፍ ይዟል።

ሄመር አልተመለሰችም። በ1963 ዊኖና በምትባል ከተማ እስር ቤት ክፉኛ ተደበደበች፤ ጉዳቱ እስከ ሕይወቷ መጨረሻ አልለቀቃትም። በነሐሴ 1964 የሚሲሲፒ ጥቁሮች የራሳቸውን የዴሞክራት ፓርቲ ልዑካን ይዘው፣ ነጮች ብቻ የመረጧቸው ልዑካን ግዛታችንን አይወክሉም ብለው ወደ ፓርቲው ጉባኤ አትላንቲክ ሲቲ ሄዱ። እሷ የደረሰባትን በቴሌቪዥን ፊት ስትናገር ፕሬዝዳንት ጆንሰን ካሜራዎቹ ከእሷ እንዲዞሩ ድንገት ጋዜጣዊ መግለጫ ጠሩ። ሆኖም ጣቢያዎቹ ንግግሯን ማታውን አሳዩት፤ አገሩ ሁሉ ሰማት።

ከዚያ ድርድር መጣ፤ ሁለት ወንበር እንስጣችሁ ተባለ። የሚቀመጡባቸውንም ሰዎች የመረጡት ሰጪዎቹ ናቸው። አንዱ አሮን ሄንሪ፣ መድኃኒት ቤት ያለው ጥቁር ወንድ፤ ሌላው ኤድ ኪንግ፣ በኮሌጅ የሚያገለግል ነጭ ቄስ። ሁለቱም ለትግሉ ዋጋ የከፈሉ ሰዎች ናቸው። ግን ጥጥ የለቀመችው፣ የተባረረችው፣ የተደበደበችው፣ አገር ያስለቀሰችው ሴት በሁለቱም ወንበር ላይ የለችም። ልዑካኑ አልቀበልም አሉ፤ እሷም ለሁለት ወንበር ይህን ሁሉ መንገድ አልመጣንም አለች። የእኛን እድር ጉባኤ ሳስብ ይህ ድርድር ትዝ ይለኛል፤ አገሩ ሌላ፣ ዘመኑ ሌላ፣ ሰው የሚመርጥበት ልማድ ግን የሚያውቁት ሰው ፊት ይመስላል።

ከሁሉ የምወድላት ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ነው። የመራጮች መብት ሕግ በ1965 ወጣ፤ ግን የተራበና የሰው ጭሰኛ የሆነ ሰው በነፃነት እንደማይመርጥ ከራሷ ሕይወት ታውቀዋለች። ስለዚህ ለድሃ ቤተሰቦች አሳማ እያራቡ የሚያዳርሱበትን ሥራ ጀመረች፤ በ1969 መሬት የሚገዛና አብሮ የሚያርስ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋመች። ፖለቲካን ከጓሮ አትክልት ጀምራ አየችው።

በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1968 ለኮንግረስ የተመረጠችው የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሸርሊ ቺዝሆልም፣ በ1972 ለፕሬዝዳንትነት ተወዳድራ፣ ከጥቁርነቷ ይልቅ ሴትነቷ የበለጠ እንቅፋት እንደሆነባት ተናግራለች። ዘር ሲቆጠር ወንዱ፣ ጾታ ሲቆጠር ነጯ ይቀድማሉና። ይህ በፍርድ ቤትም ታይቷል። ጄኔራል ሞተርስ ላይ የከሰሱ ጥቁር ሴቶች በ1976 ተረቱ፤ ፋብሪካው ጥቁር ይቀጥራል፣ ሴትም ይቀጥራል ተባለ። ጥቁሮቹ ወንዶች፣ ሴቶቹ ነጮች መሆናቸውን ሕጉ ማየት አልቻለም። ኪምበርሌ ክሬንሾ የተባለችው የሕግ ምሁር በ1989 በዚህ ፍርድ ላይ ተነሥታ ነው መገፋት በአንድ በኩል ብቻ እየተለካ ሲታይ በሁለት በኩል የተገፋችው እንደምትሰወር ያስረዳችው።

ወደ አገሬ ስመለስ ጥቅምት 2011 ዓ.ም. ትዝ ይለኛል። ከሃያው ሚኒስትር አሥሩ ሴቶች ሆኑ። በዚያው ወር ሣህለ ወርቅ ዘውዴ ፕሬዝዳንት፣ መዓዛ አሸናፊ ደግሞ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንት ሆኑ። ቴሌቪዥን ላይ ሲሰለፉ አለቀስኩ፤ የደስታ ነው። እናቴ አጠገቤ ነበረች። ዕድሜዋን የፈጀችው መጋዘን ውስጥ ቡና ስትለቅም ነው፤ ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ድንጋዩን እየነጠለች፣ በኪሎ እየተከፈላት። «እሰይ፣ እግዜር ያቁምልሽ በያቸው» አለችና ትንሽ ቆይታ፣ «ከነሱ ውስጥ ቡና የለቀመች አለች?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም።

በዚያው በ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ወጣ። ለወለደች ሠራተኛ የሚሰጠውን ፈቃድ ከወሊድ በፊትና በኋላ በድምሩ 120 ቀን አደረሰው። ትልቅ ድል ነው፤ የተጠቀሙበት እኅቶች አሉኝ። ያው አዋጅ ግን የቤት ሠራተኛዋን በሽፋኑ ውስጥ አላስገባትም፤ ጉዳይዋ ለብቻው በደንብ ይወሰናል ብሎ አለፋት። እናትየዋ ሥራ ስትገባ ሕፃኑን የምትይዘው ልጅ የሥራ ሰዓት፣ የዕረፍት ቀን፣ የወሊድ ፈቃድ የላትም ማለት ነው። ይህን አዋጅ ያዘጋጁት ሰዎች ጨካኞች ናቸው አልልም። ሲያዘጋጁት ከመካከላቸው ሰው ቤት ያደረች አልነበረችም እላለሁ። ሴቶች በቁጥር ግማሽ መሆናቸው አስፈላጊ ነው፤ ከየትኛው ቤት የመጡ ሴቶች እንደሆኑ አለመጠየቃችን ግን ውሳኔው ላይ ይታያል።

እኔ የማታ ትምህርት አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የቤት ሠራተኞች፣ ባጃጅ ነጂዎች፣ ቡና ለቃሚዎች፣ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ዓመቱ ሲጀመር ክፍሉ አለቃ ይመርጣል። እዚያ ክፍል ውስጥ ባለ መኪና የለም፤ የትልቅ ሰው ልጅ የለም፤ የማንንም አጥንት የሚጠይቅም የለም፤ ሁሉም ደክሞት ነው የሚመጣው። ዘንድሮ የመረጡት ያችን ሽንኩርት የምትልጠውን ልጅ ነው፤ በእድራችን ደንብ ያልተቆጠረችውን።

አለቃ በሆነች በጥቂት ጊዜ ውስጥ እኔ በማስተማር ዘመኔ ያላየሁትን ነገር አየችው። ሁልጊዜ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ወንበሮቹ ባዶ ናቸው፤ እኛ መምህራን ስንፍና ነው እያልን ስም እንጠራለን፣ ቀሪ እንመዘግባለን። እሷ ማን መቼ እንደሚደርስ በደብተር ይዛ፣ የሚቀሩት ከሞላ ጎደል ሰው ቤት የሚሠሩት መሆናቸውን አሳየችን። «ቲቸር፣ ራት ሳናቀርብ ማን ይለቀናል?» አለች። ከዚያ የክፍሉን ሁሉ ፊርማ አሰብስባ፣ ትምህርቱ ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ እንዲጀመር ለርእሰ መምህሩ ማመልከቻ አስገባች። ማንበብ የሚቸግራቸው በጣታቸው ፈረሙ። ተፈቀደ። አሁን የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሙሉ ነው፤ ከሁሉ ደካማ ይባል የነበረው የሂሳብ ውጤትም ተነሥቷል፤ መጀመሪያ የሚሰጠው እሱ ነበርና።

ሰሞኑን ደግሞ ሌላ ነገር ይዛ መጥታለች። የፈተና ሳምንት ሲደርስ አንዳንድ አሠሪዎች አይለቁም፤ ልጆቹም መጠየቅ ይፈራሉ፤ ከጠየቁ የሚያድሩበትን ያጣሉ። ስለዚህ ደብዳቤው በየተማሪው ስም ሳይሆን በትምህርት ቤቱ ስም፣ ማኅተም ተደርጎበት ለአሠሪው እንዲጻፍ ትፈልጋለች፤ ጥያቄውን ያቀረበችው ልጅ ማን እንደሆነች እንዳይታወቅ። አማርኛውንና ኦሮምኛውን ጎን ለጎን አርቅቃዋለች። አንድ ቃል ላይ ብቻ አልተስማማንም፤ እኔ «እንዲተባበሩን» ይባል አልኳት፣ እሷ «እንዲፈቅዱ» ይሻላል፣ ትብብር ካልን ይተዉታል አለች። የእሷን ይዘን ነው ለርእሰ መምህሩ የምናቀርበው።